የጻፍንላችሁ ደብዳቤዎች የት ናቸው?

ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን የሬዲዮ ዘርፍ
ለፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ኢትዮጵያ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ ዳግም እንዲተላለፍና የአድማጮች ደብዳቤዎች ተጠብቀው እንዲቀመጡ ስለመጠየቅ



ግንቦት 25 ቀን 1994 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተጀመረው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ተጉዞ ኅዳር 1997 ላይ አበቃ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሰማነው። ካበቃ 20 ዓመት አልፎታል። በእኛ አገር ግን፣ ከጉና ተራራ ወዲህ ባለው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ዛሬም ልቅሶ ቤት ተውሎ ቡና ሲደገም ያንን ድራማ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ከድራማው ገጸ ባሕርያት አንዷ «ፍቅርቴ» ስትነሳ ልጆቹ «ማን ናት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እናቶቹ ግን የዘመድ ስም የተጠራ ያህል ቀና ይላሉ።

የምጽፍላችሁ ሁለት ነገር ለመለመን ነው። አንደኛው እኛ አድማጮቹ የጻፍናቸው ደብዳቤዎች እንዳይጠፉ፣ ሁለተኛው ድራማው ዳግም እንዲሰማ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የፊተኛው ስለሆነ ለእሱ ሰፋ ያለ ቦታ እሰጠዋለሁ፤ ታገሡኝ።

አዲስ አበባ ያደጉ እኩዮቼ ያለፈ ድራማ ሲናፍቁ የሚያነሱት «ገመና»ን፣ «ሰው ለሰው»ን፣ «ዳና»ን ነው። ታናናሾቻቸው ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ጀምሮ እየተረጎመ ያቀረባቸውን የቱርክ ድራማዎች ይጨምራሉ። ሁሉም የሚወደዱበት ምክንያት አላቸው። እኛ ጋ ግን በ1994 መብራት ከወረዳ ከተማ አይወጣም ነበርና ድራማ ማለት ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮኑ በጥልፍ ልብስ ተሸፍኖ ከአባወራው አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ወደ እርሻ ሲወርድ አብሮት ይወርዳል፣ ገበያ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። አንዳንዱ በጥርሱ ነክሶ ወገቡን ያጎደጉደውና መልሶ ይከተዋል፤ ያኔ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ድራማው በሚተላለፍበት ቀን ዘፈኑም ዜናውም ይቀራል፤ ድንጋዩ ለፍቅርቴ ይቆጠባል። በ1995 ድርቁ አገሩን ሲመታ፣ ፍየሉ በርካሽ ሲሸጥና የእርዳታ ስንዴ ተራ ሲጠበቅ እንኳ፣ ከጨውና ከጋዝ ጋር አብሮ የሚገዛው ነገር ባትሪ ድንጋይ ነበር።

ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉም ጎረቤት ይሰበሰብበታል። እናቶች እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እጃቸው ጥጡን ይፈትላል፣ ጆሯቸው ወደ ሬዲዮኑ ነው። የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ሲደረስ እንዝርቱ ይቆማል። አባቶች በበኩላቸው የማይሰሙ መስለው መደብ ላይ ጋደም ይላሉ። ክፍሉ እንዳለቀ ግን መጀመሪያ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ድራማው እንዴት እንደተሠራ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዘዴው ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የቴሌቪዥን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መሃይምነትንና የቤተሰብ ምጣኔን በተከታታይ ድራማ አንስቶ ሕዝቡን አነቃነቀበት። እ.ኤ.አ. በ1998 በዊልያም ራየርሰን የተቋቋመው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ዘዴውን ወደ ሌሎች አገሮች ወሰደው። በኢትዮጵያ በዶ/ር ንጉሤ ተፈራ መሪነት በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በአፋን ኦሮሞ 140 ክፍል የነበረው «ዲምቢባ» ተሠሩ። ዘዴው በሦስት ዓይነት ሰው ላይ ይቆማል። በጎ ሠርቶ በጎ የሚያገኝ አለ፣ ክፉ ሠርቶ ክፉ የሚያገኝ አለ፣ በሁለቱ መካከል የሚወላውልም አለ። አድማጩ ልቡን የሚሰጠው ለሚወላውለው ነው። ስለምትወላውለዋ «ዛሬ ትወስናለች» ስንል ትቀራለች፤ «ተሳሳተች» ስንል ትመለሳለች። ይህ በአንድ ቀን ስብሰባና በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ አይገኝም። ሰው ሐሳቡን የሚለውጠው ቀስ ብሎ ነውና፣ ድራማው ሁለት ዓመት ተኩል አብሮት ቀስ አለ።

በድራማው ውስጥ የነበረችውን የውባለምን ታሪክ የሚረሳ የለም። ተጠለፈች፤ ኋላ ነፃ ወጣች፤ ቀድሞ የታጨችለትንም አገባች። ይህን ዛሬ የሚሰማ ወጣት ምኑ እንደሚያስገርም ላይገባው ይችላል። እኛ የምናውቀው ታሪክ የተጠለፈች ልጅ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተጥሎ፣ ለጠለፋት ሰው ሚስት የምትሆንበት ነበር። ሕጉም ቢሆን ከዚያ አልራቀም፤ በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ አንቀጽ የቀረው አዲሱ የወንጀል ሕግ ግንቦት 1997 በሥራ ላይ ሲውል ነው፤ ድራማው ካበቃ ስድስት ወር በኋላ ማለት ነው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግም የወጣው በ1995፣ ድራማው እየተላለፈ ሳለ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ የራሳቸውን መንገድ ሄደዋል፤ ድራማ ሕግ አወጣ አልልም። ነገር ግን «ጠልፎ ማግባት ወንጀል ነው» የሚለው ቃል ወደ ቀበሌያችን ሲደርስ ጆሯችን አዲስ አልነበረም፤ አስቀድመን ለውባለም አልቅሰንላት ነበር።

የተቃወሙም ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። እስቴ መካነ ኢየሱስ ያደገች ባልደረባ አለችኝ፤ አባቷ ቄስ ናቸው። የቤተሰብ ምጣኔው ነገር ሲነሳ ሰንበቴ ላይ አምርረው ይከራከሩ ነበር፤ «ልጅ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፣ ፈረንጅ በሬዲዮ ገብቶ ይቁጠርልን?» ይሉ ነበር አለችኝ። ሆኖም ክርክሩን ለመርታት ብለው አንድም ክፍል አያመልጣቸውም ነበር። ለእኔ ይህ የድራማው ትልቁ ክብር ነው። ቄሱን ሳይቀር የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ሐሳብ በስሙ እየጠሩ እንዲሟገቱ አድርጓቸዋል። አንድ አገር ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጅ ብዛት፣ ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ በየሰንበቴው እንዲህ የተሟገተበት ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

በኋላ የተደረገው ጥናት ድራማውን ያዳመጡ ወንዶች ካላዳመጡት በአራት እጥፍ፣ ሴቶቹ ደግሞ በሦስት እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዳደረጉ አሳይቷል። ከአድማጮች የተላኩት ደብዳቤዎችም ከ15,000 በላይ እንደነበሩ ተነግሯል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከእነዚያ ደብዳቤዎች አንዳንዶቹ የእጄ ጽሑፍ ናቸው።

ያኔ ተማሪ ነበርሁ፤ በሰፈራችን ካሉት ልጆች እጅ ጽሑፌ ያምር ነበርና ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ቀን ከድራማው ማግስት፣ እትዬ የምንላት ጎረቤታችን እንቁላል በመሀረብ ቋጥራ መጣች። እንቁላሉ ለፖስታና ለቴምብር መግዣ ነው። «ነይ እስቲ፣ ለፍቅርቴ ጻፊልኝ» አለችኝ። ፍቅርቴ ተዋናይ እንደሆነች፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ እንደምታነብ ነገርኋት። «እና ተዋናይ ብትሆን ጆሮ የላትም?» አለች። ከደብተሬ መሃል፣ ስፌቱ ላይ ያለውን ሉክ ፈትቼ አወጣሁ፤ ከመሃል ሲወጣ ሌላው ቅጠል አይበተንምና። እሷ እየተናገረች እኔ ጻፍሁ። ስለ ራሷ ጋብቻ አነሳች፤ ገና ጡት ሳታወጣ እንደተዳረች፣ የአማቷን ቤት ከራሷ ቤት ለይታ ለማወቅ ስንት ክረምት እንደፈጀባት። ከዚያ ስለ ልጇ ተናገረች፤ አባቷ ለጥር ሊድራት ቃል እንደሰጠ፣ እሷ ግን ልጅቷ ትምህርቷን እንድትቀጥል እንደምትሻ፣ ባሏን እንዴት እንደምታናግረው ፍቅርቴ ምክር ትላክልኝ እንዳለች። አነበብሁላት። «እሱን ድገሚው» አለችኝ፤ ደገምሁት። ከዚያ የአውራ ጣቷን ጫፍ በቢክ ቀለም አጥቁሬ ከስሟ ሥር አስነካኋት። እንጀራ ሲጋገር የተቃጠለው ጣቷ መስመሩ ጠፍቶ ስለነበር ሙልጭ ያለ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ደብዳቤው ቻይናዎች በሠሩት በወረታ–ወልድያ መንገድ፣ ከንፋስ መውጫ በአውቶቡስ ተጭኖ ሄደ። ከስማዳና ከታች ጋይንት የሚላከው ደግሞ መጀመሪያ በገበያተኛ እጅ ነበር የሚመጣው፤ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዴም ዘይት ነክቶት።

ልጅቷ በዚያ ዓመት አልተዳረችም። ድራማው ብቻውን አስቀረው ብዬ አልምልም፤ የ1995ቱ ድርቅም ለድግስ የሚሆን እህል አላስተረፈም ነበር። ይሁን እንጂ እናትዬዋ አባትዬውን ስታናግረው የተናገረችው ቃል እኔ የጻፍሁት ቃል ነበር። በደብዳቤው ላይ ተለማምዳ ነው ወደ ባሏ የሄደችው።

እትዬ ዛሬ በሕይወት የለችም። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ካለው በቀር ፎቶግራፍ የላትም። በራሷ አንደበት፣ ስለ ራሷ ኑሮ የተናገረችው ተጽፎ የሚገኘው በዚያ አንድ ሉክ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ እናቶች በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ ስንት እንደነበሩ አስቡት። ያልተማሩ ባላገር ሴቶች ስለ ጋብቻቸው፣ ስለ ወሊዳቸው፣ ስለ ፍርሃታቸው ለማያውቁት ሰው በዚህ ብዛት አስጽፈው የላኩበት ሌላ ዘመን በታሪካችን መኖሩን እጠራጠራለሁ። የታሪክ ተማሪዎቻችን ስለ ደቡብ ጎንደር ሊጽፉ ሲነሱ የሚያገኙት የሹማምንት ደብዳቤ፣ የግብር መዝገብና የሚስዮናውያን ማስታወሻ ነው። የእትዬን ቃል የሚያገኙት ከእናንተ መደርደሪያ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ልመናዬ ይህ ነው፦ ደብዳቤዎቹ ያሉበትን ሁኔታ ለሕዝብ አሳውቁ። ካሉ በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይቀመጡ፤ ፎቶ ይነሱ፤ ቅጂያቸው ለባሕር ዳር፣ ለጎንደርና ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ይድረስ። ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከደብዳቤዎቹ ውስጥ ለባልና ለሚስት እንኳ ያልተነገረ ምስጢር አለ፤ ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሬዲዮ ጣቢያ የተናገረ ሰው አለ። ስለዚህ ስምና አድራሻ ይሸፈን፤ ባለ ደብዳቤው ወይም ልጁ ቀርቦ ሲጠይቅ ግን የራሱን ይመልከት። ስለ አጠባበቁ ባለሙያዎች ይምከሩበት። ብቻ ይህ ሁሉ የሚደረገው ወረቀቱ በምስጥ ሳይበላ ነው።

ሁለተኛው ልመናዬ የድምፁ ነው። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በማግኔት ቴፕ ላይ የተቀረጸ ድምፅ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ ካልተገለበጠ አብዛኛው ዳግመኛ ላይሰማ እንደሚችል ባለሙያዎች ተናግረዋል። ቴፑ ያረጃል፣ ማጫወቻው አይመረትም፣ ማጫወቻውን የሚጠግነው ሰውም ጡረታ ወጥቷል። በዲስክ የተቀመጠውም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። 2025 ማለት በእኛ አቆጣጠር 2017/18 ነው።

ድምፅ ሲተርፍ ምን እንደሚሆን ከራሳችሁ ቤት ማስረጃ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እሱ ካለፈ በኋላ የተወለዱ ልጆች ግን ዛሬ በስልካቸው ያዳምጡታል፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚያውቋቸው በእሱ ድምፅ ነው። ያ ቅጂ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ይተርፍልን ነበር። «የቀን ቅኝት» ግን ታትሞ በየቤቱ የተቀመጠ መጽሐፍ የለውም። ቅጂው ከጠፋ እኛ ጋ የሚቀረው ወሬው ብቻ ነው።

በውጭው ዓለምም የተወደደ ድራማ ሲቆም ሕዝብ ዝም አይልም። አሜሪካ ውስጥ «ጋይዲንግ ላይት» የተባለው ድራማ እ.ኤ.አ. በ1937 በሬዲዮ ተጀምሮ፣ ኋላ ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ፣ በ2009 ሲዘጋ ከእናቶቻቸው ጋር ሲከታተሉት ያደጉ ሰዎች አዘኑ። እንግሊዞች ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ ይመክር ዘንድ የጀመሩትን «ዘ አርቸርስ» የተባለ የሬዲዮ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ ዛሬ ያስተላልፉታል። የገበሬ አገር ለሆነችው ኢትዮጵያ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

«አሁን ሬዲዮ ማን ይሰማል?» የሚል ካለ ወደ እኛ ይምጣ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜም እንዲሁ ስልክ የማይሠራበትን ቀን አይተናል። በእነዚያ ቀኖች ከቆጥ ላይ የወረደው አሮጌው ሬዲዮ ነው። እናቶች በየቤታቸው ተቀምጠው ያዳመጡት ዜና ነበር፤ ዜናው ደግሞ የሚያስፈራ። ያኔ አንዲት አሮጊት «ምነው እንደ ድሮው ድራማ ቢያሰሙን» ስትል ሰምቻለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንደሚመለስ የማያውቅ የለም። ልጅቷ ቤት ከዋለች ጠያቂው ይመጣል፤ አባትም ጊዜው ክፉ ነውና ባል ይጠብቃት ይላል። የፍቅርቴና የውባለም ነገር ያለፈ ታሪክ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። አልሆነም።

ስለዚህ 257ቱም ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቆረጥ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ በብሔራዊ ሬዲዮ እንዲተላለፍ እጠይቃለሁ። አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም ከባሕር ዳር በሬዲዮው ቢተባበር መልካም ነው። «ዲምቢባ»ም ለአድማጮቹ ይመለስላቸው። የደራሲዎቹና የተዋንያኑ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው፤ ፈቃዳቸው ይጠየቅ፣ የሚገባቸው ይከፈላቸው። ድምፃቸው ቤታችን ገብቶ ያሳደገን ሰዎች በነፃ ይሥሩልን አንልም። አንዳንድ ክፍል ጠፍቶ ከተገኘ፣ ያለው ይሰማና የጎደለው ቦታ ላይ አድማጩ የሚያስታውሰውን በስልክ ይናገር፤ ገና የሚያስታውሱት አሉ። ስለ ኤች አይ ቪ ሕክምና በድራማው የተባለው ዛሬ የተለወጠ ነገር ካለ፣ ከክፍሉ በኋላ የጤና ባለሙያ ቀርቦ ያስረዳ።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ደብዳቤዎቹ ሲከፈቱ ጽሑፋቸውን ለማንበብ፣ የቦታውን ስም፣ የአገሩን አነጋገር ለማስረዳት የሚችሉ ጡረታ የወጡ መምህራን በንፋስ መውጫም፣ በአርብ ገበያም፣ በወገዳም፣ በመካነ ኢየሱስም አሉ። እንደ እኔ ለጎረቤት ደብዳቤ ይጽፉ የነበሩ የዚያን ጊዜ ተማሪዎችም ዛሬ ሠራተኞች ነን። የእጅ ጽሑፌን አውቀዋለሁ፤ ጠርታችሁ ወረቀቱን ብታሳዩኝ የማን ቃል እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ልጆቻቸው እዚሁ ናቸው፤ የእናታቸውን ደብዳቤ ለመውሰድ ዝግጁ ናቸው።

ምላሻችሁን በሬዲዮ ብትሰጡን ሁላችንም እንሰማለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የ«የቀን ቅኝት» አድማጭና ደብዳቤ ጸሐፊ
ላይ ጋይንት፣ ደቡብ ጎንደር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ለአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን
ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ